አሮጌ የፌስቡክ ፕሮፋይል ይጸዳል? ማጽጃዎቹን ሞክሬያቸዋለሁ

ፍርዴን ከመጀመሪያው ልናገር። ፌስቡክ የራሳችሁን አሮጌ ፖስት እንድታጸዱ የሰጣችሁ መሣሪያ ጥሩ ነው። ጓደኛ ለመቀነስ የሰጣችሁ ግን ያደክማል። ሌላ ሰው ስለ እናንተ የለጠፈውን ለማስነሳት ደግሞ ዋናው መሣሪያ ስልክ ደውሎ መለመን ነው። ክረምቱን በትርፍ ሰዓቴ ከሦስቱም ጋር ስታገል ስለከረምኩ ያየሁትን ልጻፍላችሁ። ፕሮፋይላቸውን ማስተካከል ፈልገው ከየት እንደሚጀምሩ ግራ የገባቸው ብዙ ሰዎች አውቃለሁ።

እኔ አዳማ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ አስተምራለሁ። ፌስቡክ የከፈትኩት በ2002 ዓ.ም. ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ነው። ያኔ የግቢ ልጆች መገናኛ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምረቃዬ፣ ሠርጌ፣ የልጆቼ ክርስትና፣ የአባቴ ለቅሶ፣ ሁሉም እዚያው ተጠራቅሟል። የጓደኞቼ ዝርዝርም እንደዚያው። የግቢ ልጆች አሉ። ዘመድ አለ። የሥራ ባልደረባ አለ። የተማሪ ወላጆች አሉ። የዕድራችን ጸሐፊ አሉ። ኩዌት ያለችው አክስቴ አለች፤ እሷ ልጆቼን በአካል አይታቸው አታውቅም፣ ሲያድጉ የምታየው በፌስቡክ ነው። አሁን ደግሞ ተማሪዎቼ የጓደኝነት ጥያቄ ይልካሉ።

እነዚህ ሁሉ ሰዎች አንድ ገጽ ከፍተው አንድ ዓይነት ነገር ያያሉ። ለአክስቴ የሚሆነው ለተማሪ አይሆንም። ለግቢ ጓደኞቼ የጻፍኩት ለዕድር ጸሐፊው አይሆንም። ችግሩ የፖስት መብዛት ብቻ አይደለም፤ ማን ምን እንደሚያይ አለመለየቱ ነው።

«ለምን ጠቅልለሽ አትዘጊውም?» ያለኝ ሰው አለ። መዝጋት ቀላል ነው። አካውንቴን አጥፉልኝ ካላችሁ በኋላ 30 ቀን የማሰቢያ ጊዜ ይሰጣችኋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ተመልሳችሁ ከገባችሁ ማስቀረት ትችላላችሁ፤ ካለፈ አለፈ። እኔ ግን መዝጋት አልፈልግም። እኛ አገር ሰው ሲያርፍ ቀብሩ የትኛው ቤተክርስቲያን በስንት ሰዓት እንደሆነ ብዙ ጊዜ የሚሰማው በፌስቡክ ነው። ባሕር ማዶ ያለው ዘመድ እዚያው ነው የሚያለቅሰው። ሠርግም፣ ልጅ መውለድም፣ የታመመ መጠየቅም እዚያ አለ። ከዚህ ራሴን ማውጣት አይሆንልኝም።

ስለዚህ ወደ ማጽዳቱ። ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት ቅጂ አውርዱ። ሴቲንግ ውስጥ መረጃችሁን የምታወርዱበት ክፍል አለ። ከየትኛው ቀን እስከ የትኛው ቀን እንደምትፈልጉ፣ ፎቶዎቹ በምን ጥራት እንዲመጡ፣ ፋይሉ በኤችቲኤምኤል ይሁን በጄሰን ይጠይቃችኋል። ኤችቲኤምኤልን ምረጡ። ጄሰን ለፕሮግራም እንጂ ለሰው ዓይን አይመችም። ኤችቲኤምኤሉ በማንኛውም ብራውዘር ይከፈታል፣ ከወረደ በኋላ ለማንበብ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። ፋይሉ ወዲያው አይመጣም፤ ሲዘጋጅ መልእክት ይደርሳችኋል። የብዙ ዓመት ፎቶ ካላችሁ ከባድ ስለሚሆን ሁሉንም በአንዴ አትጠይቁ። ጥቂት ጥቂት ዓመት እየከፈላችሁ በሌሊት ፓኬጅ አውርዱት። ዋይፋይ የምታገኙበት ቦታ ካለ ደግሞ እሰየው።

ፋይሉ አንድ ትልቅ ጉድለት አለው፤ ቀድማችሁ እወቁት። የራሳችሁን ጽሑፍ፣ ፎቶና መልእክት ይሰጣችኋል። ሰዎች ከፖስታችሁ ሥር የጻፉትን ኮመንት ግን አይሰጣችሁም። ለአብዛኛው ፖስት ይሄ ምንም አይደለም። ለአንዳንዱ ግን ሁሉም ነገር ኮመንቱ ነው።

አባቴ ያረፈ ጊዜ የለጠፍኩት አንድ ፎቶና ጥቂት መስመር ነው። ከሥሩ ያለው ግን ሌላ ዓለም ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ምድር ባቡር የሠራ ሰው ነበር። ድሬዳዋና አዋሽ አብረውት የሠሩ ሰዎች ልጆች፣ እኔ ስማቸውን እንኳ የማላውቅ፣ ስለ እሱ ጽፈዋል። አንዷ፣ አባቷ ታሞ በተኛበት ዘመን ደመወዙን ተቀብሎ በየወሩ ቤታቸው ድረስ ያመጣላቸው የነበረው እሱ እንደሆነ ጻፈች። ከደመወዙ ጋር ሁልጊዜ ብርቱካን ይዞ ይመጣ ነበር አለች። እኛ ልጆቹ ይህንን አናውቅም ነበር። እናቴም አታውቅም ነበር። ያንን ሁሉ ኮመንት ከወንድሜ ጋር ሆነን እየከፈትን ስክሪንሾት አነሳነው። «ተጨማሪ አሳይ» የሚለውን እየተጫናችሁ ካልሄዳችሁ ግማሹ ተደብቆ ይቀራል። ለእናቴ አትመን ሰጠናት፤ አሁን በጸሎት መጽሐፏ ውስጥ አጣጥፋ ይዛዋለች።

ፖስት ካጠፋችሁ ኮመንቱም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ የለቅሶን፣ የሠርግን፣ የምረቃን ፖስት ከመንካታችሁ በፊት እስከ ታች ወርዳችሁ አንብቡ። ሰው ምን ትቶላችሁ እንደሄደ አታውቁም።

አሁን ወደ ዋናው መሣሪያ ልምጣ። ማኔጅ አክቲቪቲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2020 የመጣ ነው። ፕሮፋይላችሁ ላይ ያሉትን ሦስት ነጥቦች ነክታችሁ አክቲቪቲ ሎግ በሚለው በኩል ትገባላችሁ። ቀድሞ አሮጌ ፖስት ለማጥፋት ወደ ታች ስትስቡ ማምሸት ነበር። አሁን ዓመት መርጣችሁ፣ ወይም የአንድ ሰው ስም አስገብታችሁ፣ የመጣውን ዝርዝር ምልክት እያደረጋችሁ በአንዴ ታነሳላችሁ። በስልክም በደንብ ይሠራል። በዚህ ረገድ ለሠሩት ሰዎች ምስጋና ይገባቸዋል፤ ነገሩ ታስቦበታል።

ምልክት ያደረጋችሁበትን አርካይቭ ማድረግ ወይም ትራሽ ውስጥ መጣል ትችላላችሁ። አርካይቭ ያደረጋችሁትን ከእናንተ በቀር ማንም አያየውም፤ በፈለጋችሁ ጊዜ ትመልሱታላችሁ። ዕቃን ጣሪያ ሥር ቆጥ ላይ እንደ ማውጣት ነው። ትራሽ ውስጥ የገባው ግን 30 ቀን ቆይቶ ይጠፋል። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ መመለስ ይቻላል።

ስትጠራጠሩ አርካይቭ አድርጉ። እኔ ካነሳሁት አብዛኛው ያለው እዚያ ነው። ማጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሥራው አይገፋም ነበር። በየፖስቱ ላይ «ይሄማ ትዝታ ነው» እያልኩ እቆም ነበር። አርካይቭ እያለ ግን ጥያቄው ይቀላል። ይሄንን የኔ ተማሪ ወይም የተማሪ ወላጅ ማየት አለበት? ከሌለበት ይነሳል፤ ትዝታው ለኔ ይቀመጣል።

2012ን መርጬ ስከፍት፣ ፌስቡክ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፣ ምን እንደመጣ ልንገራችሁ። ጓደኞቼ ግድግዳዬ ላይ የጻፉት የልደት ምኞት። አደይ አበባ ያለበት የእንቁጣጣሽ ካርድ፣ 50 ሰው ታግ የተደረገበት። የእርሻ ጨዋታ ግብዣ። «ስምህ ምን ይናገራል» የሚል መጠይቅ ውጤት። ካፌ በር ላይ የተነሳሁት ፎቶ፣ ጽሑፉ «ሰላም ናችሁ?» ብቻ። ይሄ ሁሉ አንድ ላይ ተመርጦ በደቂቃዎች ሄደ።

የሻማ ፎቶዎቹን ግን ለብቻ አየኋቸው። አገር ሲያዝን ፕሮፋይላችንን ሻማ ወይም ጥቁር የማድረግ ልማድ አለን። የኔ ገጽ ላይ እንዲህ ያሉ ብዙ ነበሩ። አብዛኛው ላይ ጽሑፍ የለም፤ ያኔ ሁላችንም ለምን እንደሆነ እናውቅ ስለነበር መጻፍ አላስፈለገም። ዛሬ ለማን እንዳዘንኩ ያስታወስኩት ከቀኑ ተነስቼ ነው። አንዱንም አልጣልኩም። አርካይቭ ስገባ አሉ። እነሱን ሳይ የእነዚያን ዓመታት ኀዘን በተርታ ያየሁ መሰለኝና ለረጅም ሰዓት ሥራዬን መቀጠል አልቻልኩም።

ሌላው ያቆመኝ የእርዳታ ጥሪዎቹ ናቸው። ሁላችንም ሼር አድርገናል። ኩላሊቱን ወይም ልቡን የታመመ ሰው፣ ውጭ አገር መታከም ያለበት፣ ከፎቶው ሥር የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የቤተሰብ ስልክ። አንዱን በደንብ ላሳያችሁ። የሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ወጣት ነው። አፍንጫው ላይ የኦክስጅን ቱቦ አለ። በፎቶው ጠርዝ በኩል ብርድ ልብሱን የምታስተካክል የእናት እጅ ይታያል፤ ፊቷ የለም። ፎቶው ላይ በትልልቅ ቀይ ፊደል «እንድረስለት» የሚል ተጽፏል። ሁለት ሒሳብ ቁጥርና ሦስት ስልክ አለ። ከሥሩ ሰዎች «እግዚአብሔር ይማርህ» ብለዋል፤ ባንክ ያስገቡበትን ደረሰኝ የለጠፉም አሉ። ከብዙ ጊዜ በኋላ አንድ ሰው «አሁንም እርዳታ ይፈልጋል?» ብሎ ጠይቋል። የመለሰለት የለም።

ይህ ልጅ ድኖ ከሆነ ዛሬ ሥራ ይዞ፣ ትዳር መሥርቶ ሊሆን ይችላል። በዚያ ሁኔታ የተነሳው ፎቶ የኔ ገጽ ላይ መቆየት የለበትም። አርፎም ከሆነ እናቱ ድንገት ፊት ለፊቷ ልታገኘው አይገባም። ስልኮቹም የሰው ስልክ ናቸው። አጭበርባሪ ደግሞ አሮጌ የእርዳታ ጥሪ አንስቶ ሒሳብ ቁጥሩን ብቻ ቀይሮ እንደገና ሊለምንበት ይችላል። እንዲህ ያሉትን አርካይቭ አላደረግኳቸውም፤ ትራሽ ውስጥ ነው የከተትኳቸው። እርግጥ የሚነሳው የኔ ሼር ብቻ ነው። ዋናው ጥሪ ሌላ ሰው ገጽ ላይ ካለ እዚያው ይቆያል። ቢሆንም በየቤታችን ያለውን ሁላችን ብናነሳ ብዙ ነው። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄንን ውሰዱልኝ፤ አክቲቪቲ ሎግ ገብታችሁ ያለፈባቸውን የእርዳታ ጥሪዎች አንሡ።

ሼር ያደረግኩትን ዜናም በዚሁ መንገድ አለፍኩበት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ አዋጅ፣ ቁጥር 1185፣ ማሰራጨትን ስለሚመለከት ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኔን የበለጠ ያሳሰበኝ ግን ክፍሌ ነው። የምናስተምራቸው ልጆች ከየቤቱ፣ ከየአካባቢው ነው የሚመጡት። የሰዓቱ ዜና ቀኑ ሳይታይ ሲነበብ ሌላ መልክ ይይዛል። ሁሉንም አርካይቭ አድርጌዋለሁ።

ለዚህ ሁሉ ጊዜ የለኝም ለምትሉ ሰዎች አንድ አቋራጭ አለ፤ ሊሚት ፓስት ፖስትስ ይባላል። ፕራይቬሲ ሴቲንግ ውስጥ ታገኙታላችሁ። አንዴ ስትጫኑት ለሕዝብ ሁሉ ክፍት የነበረው አሮጌ ፖስታችሁ በሙሉ ለጓደኛ ብቻ ይሆናል። እንደ ቀድሞው በአንዴ መመለስ አይቻልም፤ መክፈት ብትፈልጉ አንድ በአንድ ነው። ታግ ያደረጋችኋቸው ሰዎችም ማየታቸውን ይቀጥላሉ። ቢሆንም በአንድ ደቂቃ ይህን ያህል የሚሠራ ሌላ ቁልፍ አላየሁም። ከተጫናችሁ በኋላ ቪው አዝ በሚለው ገብታችሁ የማያውቃችሁ ሰው ፕሮፋይላችሁን ሲከፍት ምን እንደሚያይ ተመልከቱ። ይህ ቪው አዝ እ.ኤ.አ. በ2018 ሰርጎ ገቦች በአንድ ክፍተት ተጠቅመውበት ተዘግቶ ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ተመልሷል። እኔ ከሁሉ በፊት የማደርገው እሱን ነው። ተማሪዬ ሆኜ ገጼን አየሁት፤ የሠርጌ ፎቶዎችና የድሮ ስልክ ቁጥሬ ነበሩ።

ጓደኛ መቀነሱ ላይ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። ፌስቡክ 5,000 ጓደኛ ድረስ ይፈቅዳል። እኔ ወደዚያ አልተጠጋሁም፤ ግን ዝርዝሩን ስከፍት ግማሹን አላውቀውም። ምክንያቱ ስሙ ነው። እኛ ጋ ሰው በራሱ ስም አይመዘገብም። «የድንግል ማርያም ልጅ» የሚሉ በርካታ ናቸው። «ሁሉም ለበጎ ነው» አለ። «የእናቷ ናፍቆት» አለች። ፕሮፋይል ፎቶው የመላእክት ሥዕል ወይም የጽጌረዳ አበባ ነው።  ማን እንደሆነ ለማወቅ ያለኝ መንገድ ኢንቦክስ ገብቼ ከዚህ በፊት ምን እንደተባባልን ማየት ነበር። አንዱን «ሁሉም ለበጎ ነው» ልሰርዘው ስል መልእክቱን ከፈትኩ። የጅማ የዶርም ጓደኛዬ ናት፤ የአባቴ ለቅሶ ላይ ገንዘብ የላከች። ከዚያ በኋላ ኢንቦክስ ሳላይ ማንንም አላነሳሁም።

እኔ በሄድኩበት መንገድ ሥራው አንድ በአንድ ነው። ስም ትነካላችሁ፣ አንፍሬንድ ትላላችሁ፣ ታረጋግጣላችሁ፣ ወደሚቀጥለው ታልፋላችሁ። ፖስት ላይ በጅምላ መምረጥን እንዲያ አሳምሮ የሠራ ሰው ጓደኛ ላይም ቢደግመው እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ውስጥ በፌስቡክ ባለቤት ኩባንያ በሜታ ላይ በተካሄደው የገበያ ውድድር ክስ አንድ ኢሜይል ይፋ ወጥቶ ነበር። የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ በዚያ በ2022 በጻፈው ኢሜይል የሁሉንም ሰው የጓደኛ ዝርዝር ሰርዞ ሁሉም ከዜሮ እንዲጀምር ማድረግን እንደ ሐሳብ አንስቶ ነበር። አልተደረገም። እሰይ አልተደረገ! የአባቴን የሥራ ጓደኞች ልጆች ከየት ብዬ እንደገና አገኛቸው ነበር?

ደግሞ ይሉኝታ አለ። ዘመድ አንፍሬንድ ማድረግ እኛ ጋ ቀላል አይደለም። የአጎት ልጅ አንድ ቀን ገብቶ «ጓደኛ ጨምር» የሚለውን ሲያይ ነገሩ ለቤተሰብ ጉባኤ ይደርሳል። ለዚህ የሚያዋጣው አንፎሎው ነው። ጓደኝነታችሁ እንዳለ ሆኖ የሚለጥፈው ፊታችሁ አይመጣም። እሱ አይነገረውም። ለጊዜው ብቻ ማረፍ ከፈለጋችሁ ለ30 ቀን ዝም ማሰኛም አለ። በተቃራኒው የናንተን ነገር እንዳያይ ከፈለጋችሁ ሪስትሪክትድ የሚባለው ዝርዝር ውስጥ አስገቡት። ጓደኛ ሆኖ ይቆያል፤ የሚያየው ግን ለሕዝብ ክፍት ያደረጋችሁትንና እሱን ታግ ያደረጋችሁበትን ብቻ ነው። የተማሪ ወላጆችን ያስገባሁት እዚያ ነው። ለእኛ ኑሮ እነዚህ ሁለቱ ከአንፍሬንድ ይበልጣሉ። ማንንም ሳላስቀይም ፌስቡክ ስከፍት የሚመጣልኝ የማውቀው ሰው ወሬ ሆነ።

ሌሎች የለጠፉት ላይ አቅማችሁ ትንሽ ነው። ታግ ማንሳት ትችላላችሁ። ታጉ ሲነሳ ስማችሁ ከፎቶው ይላቀቃል፣ ፎቶው ግን ሰውየው ገጽ ላይ ይቆያል። የልጄን ክርስትና ያነሳ አንድ ፎቶ ቤት የልጄን ፎቶ ማስታወቂያ አድርጎ ለጥፎት አገኘሁ። ሳይጠይቀን ነው የለጠፈው። ደወልኩ። «ቆንጆ ስለሆነ ነው» አለኝ። ደግሜ ደወልኩ። ባለቤቴ በአካል ሄደ፤ በመጨረሻ አነሱት። እምቢ ቢሉ ኖሮ ሌላ መንገድ ነበር። ልጃችሁ ከ13 ዓመት በታች ከሆነ ወላጅ ፎቶው እንዲነሳ የሚጠይቅበት ቅጽ ፌስቡክ አለው። ይህንን ብዙ ሰው አያውቅም። ወደፊት ለሚመጣው ደግሞ ታይምላይን ሪቪው የሚባለውን አብሩት። ከዚያ በኋላ ሰው ታግ ሲያደርጋችሁ እናንተ ካልፈቀዳችሁ ፕሮፋይላችሁ ላይ አይወጣም። የበዓል ካርዱ ጎርፍ የቆመልኝ በዚህ ነው።

ሜሞሪስ የሚለውን አትናቁት። በየዕለቱ በዚያ ቀን ባለፉት ዓመታት የለጠፋችሁትን ያመጣላችኋል። ክረምቱ አልቆ ትምህርት ሲከፈት ማጽዳቱን የቀጠልኩት በእሱ ነው። ጠዋት ቡና ስጠጣ የዕለቱን አያለሁ፤ የሚነሳውን አነሳለሁ። የማትፈልጉት ቀን ወይም የማትፈልጉት ሰው ካለ እንዳይመጣባችሁ ማድረግ ይቻላል። ፍቺ ወይም ኀዘን ያለበት ሰው መጀመሪያ ይሄንን ያስተካክል።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር አያይዛለሁ። የግቢ ጓደኛችን የነበረ ልጅ ካረፈ ቆይቷል። ልደቱ በመጣ ቁጥር ፌስቡክ ያስታውሰናል፤ ማረፉን ያልሰሙ ሰዎች ገጹ ላይ «ረጅም ዕድሜ ይስጥህ» ብለው ይጽፋሉ። እህቱ ይሄንን ስታይ ትታመም ነበር። ለፌስቡክ የሞት ማስረጃ ልካ አካውንቱን የመታሰቢያ አስደረገችው። ከዚያ በኋላ የልደት ማስታወሻው ቆመ፤ ከስሙ ጎን መታሰቢያ መሆኑ ይነበባል። እኔም ሴቲንግ ገብቼ ወንድሜን ሌጋሲ ኮንታክት አድርጌ መረጥኩት። እኔ ባልኖር ፕሮፋይል ፎቶዬን መቀየር፣ የቀብርና የተዝካር መልእክት ከላይ መለጠፍ ይችላል። በስሜ መግባትና መልእክቴን ማንበብ ግን አይችልም። ይህ አከፋፈል ትክክል ነው እላለሁ።

አሁን ገጼ ለዘመድና ለወዳጅ ነው። የልጆቼን ፎቶ ስለጥፍ ቤተሰብ ብዬ ላዘጋጀሁት ዝርዝር ብቻ ነው የማሳየው፤ አክስቴ የመጀመሪያዋ ናት። የለቅሶና የሠርግ ወሬ ለጓደኛ ሁሉ። ለሕዝብ ክፍት የሆነው ፎቶዬና አስተማሪ መሆኔ ብቻ ነው። ተማሪዎቼን ፌስቡክ ላይ አልቀበልም፤ የልምምድ ጥያቄ የምለቅበት የቴሌግራም ቻናል ከፍቼላቸዋለሁ፤ የጓደኝነት ጥያቄ ሲልኩ ሊንኩን እሰጣቸዋለሁ። ቅር ያለው ተማሪ እስካሁን አላየሁም። ፈተና ሲደርስማ ቻናሉን ወላጆችም ይገቡበታል።

የፌስቡክ ሰዎች ይህንን የሚያነቡ ቢሆን የምለምናቸው ኮመንቱን ነው። ቅጂ ስናወርድ ሰዎች ከሥር የጻፉልንም አብሮ ይምጣ። ቢያንስ የመታሰቢያና የኀዘን ፖስት ላይ ይምጣ። ስክሪንሾት ማንሳት የማይችሉ፣ ልጅ አጠገባቸው የሌለ እናቶች አሉ።

ሜሴንጀርን ገና አልነካሁትም። እዚያ ያለው የድምፅ መልእክት ብዙ ነው፣ መስማትም ጊዜ ይፈልጋል። ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት አቆይቼዋለሁ።